ሦስት ሳህን

ግንቦት 6

እህቴ፣

ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። አንዴ አነበብኩትና ቀኑን ለማየት ወደ ላይ ተመለስኩ። የጻፍሽው ከቀበራችሁት በኋላ ነው። "እግርህ እንዲያ ሆኖ መንገድ እንዳትወጣ ብዬ ነው" ትያለሽ። የተሰበረው የኔ እግር ነው፤ መምጣት አለመምጣቴንም መወሰን የነበረብኝ እኔ ነኝ። የመኪና የኋላ ወንበር ላይ ተጋድሜም ቢሆን እመጣ ነበር። በምርኩዝ ቆሜ አንድ እፍኝ አፈር ብጥልበት ማን ይከለክለኝ ነበር?

ይቅርታ። ለሐዘንተኛ ደብዳቤ እንዲህ አይጀመርም። እግዚአብሔር ያጽናሽ። ድምቢጥንም ያጽናት። የእሱን ነፍስ ይማር። እኔ ጸሎት ላይ እንደማልበረታ ታውቂያለሽ፤ ይህን ግን ከልቤ ነው የምለው።

ባልሽ ሰው ነበር። ይህን የምጽፍልሽ እሱ የሠራልኝ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ሲልክልኝ ከመቀመጫው ሥር በእርሳስ "ቢነቃነቅ ጻፍልኝ" ብሎ ነበር። እንድጽፍለት ምክንያት ሰጥቶኝ አያውቅም። እንደኔ ዕድሜውን ሙሉ ድልድይ ሲመረምር የኖረ ሰው እንዲህ ያለ መገጣጠሚያ ሲያገኝ የሚለው የለም፤ ዝም ብሎ ይቀመጥበታል።

አሁን የምጠይቅሽን በቅጡ መልሽልኝ። "ድንገተኛ የሆድ ሕመም" ብለሽ አልፈሽዋል። የሆድ ሕመም ምልክት ነው እንጂ ምክንያት አይደለም። ቀኑን ሙሉ እንጨት ሲልግ የሚውል፣ ጉንፋን እንኳ የማይደፍረው አናጢ፣ እራቱን በልቶ ተኝቶ በሦስተኛው ቀን አስከሬን ሆነ። ምን በላ? ሌላ የታመመ ሰው አለ? ሐኪሙ ሲጠይቅሽ ምን አልሽው? "የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው" የሚለውን ደብዳቤሽ ላይ ደጋግሜ አንብቤዋለሁና ሌላ አትጨምሪልኝ። ፈቃዱ የሱ ይሁን፤ እኔ የምጠይቅሽ መንገዱን ነው።

ልጅቷስ? ስለሷ የጻፍሽው "ድምቢጥ ደህና ናት" የምትል አንዲት መስመር ናት። በአሥራ አራት ዓመቷ አባቷን የቀበረች ልጅ ደህና አይደለችም። ምን እንደምትል ጻፊልኝ።

ስልካችሁን "ጫጫታው ከቤታችን ይውጣ" ብላችሁ ባታወጡት ኖሮ ይህን ሁሉ ትናንት እንጨርሰው ነበር። ይሁን። ደብዳቤም ይደርሳል። ቶሎ ጻፊ።

ወንድምሽ

ግንቦት 14

ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? እግርህ እንዴት ነው? ጀሶው መቼ ይፈታል? ጎረቤትህ ሴትዮ አሁንም ምሳ ታመጣልሃለች፣ ወይስ ጨው በዛ፣ ጨው አነሰ እያልክ አባረርካት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን።

ሳላሳውቅህ በመቅበሬ ይቅር በለኝ። ደብዳቤውን እየጀመርኩ ስቀድ ነው ጊዜው የሄደው። መርዶ እንዴት እንደሚጻፍ ማን አስተምሮኝ?

ቤቱ እንዳለ ነው። ጠዋት ተነስቼ እጸልያለሁ፣ ዳቦ እጋግራለሁ፣ ወለሉን እወለውላለሁ፣ ከዚያ ወደ አትክልቱ እወጣለሁ። ዘንድሮ ፀደዩ ቶሎ ገባ። ሰላጣው ደርሷል። ቆስጣው ቅጠሉ ከመዳፌ ሰፍቷል። አተሩ እሱ ባቆመለት እንጨት ላይ እየተሳበ ነው። ካሮቱን ማሳሳት ነበረብኝ፣ አልቻልኩም፤ የሱ ሥራ ነበር። እያንዳንዷን ሲነቅል "ይቅርታ፣ ይቅርታ እህቴ" ይላት ነበር፤ እኔና ድምቢጥ መስኮት ላይ ሆነን እንስቅበት ነበር። የሥራ ቤቱን እንደቆለፍኩት ነው። ከበሩ ሥር ግን አሁንም የእንጨት ሽታ ይወጣል፤ ሳልፍ እግሬ ይዘገያል።

ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጡት ሴቶች አልተዉኝም። ልብስ ሰፊዋ፣ ነርሷ፣ ዳቦ ቤት ያላት፣ ሌሎቹም ይመጣሉ። ድሮ እኔ ነበርኩ የማስተምራቸው፦ በትንሽ ነገር ቤት እንዴት እንደሚያዝ፣ ከጓሮ ለቅሞ እንዴት እንደሚበላ፣ ምድጃ አጠገብ ሆኖ እንዴት እንደሚጸለይ። አሁን እነሱ ናቸው አብስለው የሚያመጡልኝ። ብርዱ ሳይወጣ በየፖስታው ከትቼ፣ ጸልየንበት ያካፈልኳቸው የጓሮዬ ዘር በየቤታቸው በቅሎ ቅጠል አውጥቷል። የኔን ችግኝ በጣሳ መስኮት ላይ ስላፈላሁት ቀድሟቸው ደርሶ ነበር። እየመጡ ያመሰግኑኛል።

ምን በላ ላልከው፣ ሁላችንም የቀረበልንን ነው የበላው። የጓሮውን የመጀመሪያ ዝኩኒ በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት ጠብሼ ነበር። ለሐኪሙም "ሦስታችንም የበላነው አንድ ነው" አልኩት፤ እሱም ሆድ የሚያጠቃ ተላላፊ በሽታ ሳይሆን አይቀርም አለ። እኔም ታምሜ ነበር። እኔ ተነሳሁ፣ እሱ አልተነሳም።

ድምቢጥ ብዙ አታወራም። ከእኔ እጅም አትበላም። እንቁላል ራሷ ትቀቅላለች፣ ራሷ ትልጣለች፣ ቆማ ትበላለች። ሐዘን ነው፣ ይወጣላታል እላለሁ። ያን ዕለት እራት ላይ ስለምግቡ ክፉ ቃል ተናግራ ከጠረጴዛ አስነስቻት ነበር። የቤታችንን ሥርዓት ታውቀዋለህ፤ ከጸሎት በፊት ማንኪያ ወደ አፍ አይሄድም፣ ከጸሎት በኋላ የተሰጠንን አናማርርም፣ ሳህን ላይ የቀረ አይጣልም። አባቷን ደህና እደር ሳትለው ተኛች። የሚያንገበግባት እሱ ይመስለኛል።

የጸሎት ቤታችን ሰዎች ስለሱ ሲያወሩ "እንደኖረ በሰላም አረፈ" ይላሉ። እኔ በዚህ እጽናናለሁ። አንተም ተጽናና።

እህትህ

ግንቦት 24

እህቴ፣

"ክፉ ቃል" ያልሽው ምን የሚል ቃል እንደሆነ አልጻፍሽም። ስለዚህ ልጅቷን ራሷን በደብዳቤ ጠየቅኳት። መልሷ አንድ መስመር ነው፦ "አጎቴ፣ መራራ ነው አልኩ እንጂ ሌላ አልተናገርኩም።"

ይህን ይዤ የግብርና ኮሌጅ የሚያስተምር የድሮ የክፍል ጓደኛዬን ቤቴ ድረስ አስጠራሁት። ወሬዬን እስክጨርስ እንኳ አልታገሠኝም።

"ዘሩን ከየት አመጣችው?" አለኝ።

"ካምናው ፍሬ ራሷ ያስቀረችው ነው" አልኩት።

"አምና አጠገቡ ምን ተክላ ነበር?"

ያኔ ትዝ አለኝ። ባለፈው መከር በጻፍሽልኝ ደብዳቤ፣ በሩ አጠገብ ትንንሽ ባለመስመር ዱባዎች መትከልሽን፣ "ለዓይን እንጂ ለአፍ አይደሉም" ብለሽ ነግረሽኝ ነበር። እነሱ መራራ መርዝ አላቸው፣ ከዝኩኒም ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ንብ ደግሞ የበሩን አበባ ከመደቡ አበባ አይለይም። የአንዱን ብናኝ ወደ ሌላው ወስዷል። አምና የበላችሁት ዝኩኒ ምንም አልነበረበትም፤ መርዙ የገባው ዘሩ ውስጥ ነው። ዘንድሮ ከዚያ ዘር የበቀለው በመልኩም፣ በቆዳውም፣ በጠረኑም ዝኩኒ ነው። መቀቀል አያጠፋውም፣ መጥበስም አያጠፋውም። ጓደኛዬ እንዳለው አንድ ምልክት ብቻ አለው፤ ይመራል። ያንን የሚያውቅ ምላስ ብቻ ነው። እናንተ ደግሞ ምላስ እንዳይናገር ከለከላችሁ።

ቃሌ ሻካራ ነው። ላለሳልሰው አልችልም፣ ምክንያቱም ነገሩ አላበቃም። በየፖስታው ጸልየሽ ያካፈልሽው ያንኑ ዘር ነው። ልብስ ሰፊዋ ጓሮ አለ። ነርሷ ጓሮ አለ። ዳቦ ቤት ያላት ሴትዮ ጓሮ አለ። እነዚህ ሴቶች አንቺ ያስተማርሻቸው ናቸው፤ ሳይቀምሱ ያበስላሉ፣ ሳያማርሩ ይበላሉ፣ የቀረውን አይጥሉም። ልጆችም አሏቸው። አሁን አብቦ ከሆነ ፍሬው ሩቅ አይደለም።

ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ ሂጂና ንገሪያቸው። ዙሪያ ጥምጥም አትሂጂ። "ባሌን የገደለው ይህ ነው፣ ንቀሉት" በያቸው። ከዚያ ለልጅቷ ልክ እንደነበረች ንገሪያት። ከሁለቱ የትኛው እንደሚከብድሽ አላውቅም።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። አንቺም ከዚያው ድስት በልተሻል። አልመረረሽም?

ወንድምሽ

ሰኔ 1

ወንድም ጋሼ፣

እግርህን እግዚአብሔር ይማርልህ። ደብዳቤህን የከፈትኩት ሴቶቹ ፊት ነው፣ የማጽናኛ ቃል መስሎኝ። "ወንድምሽ ምን አለ?" አሉኝ። "ሰላም ብሏችኋል" አልኩና አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ከልጅነታችን ጀምሮ እንዲህ ነህ። የምጽፍልህን ደብዳቤ በቀይ ቀለም አርመህ ትመልስልኝ ነበር። አሁን ደግሞ የባሌን ሞት አረምክልኝ። ንብ አልክ፣ ብናኝ አልክ፤ ሁሉንም ከወንበርህ ላይ ሆነህ አየኸው። አዎ፣ አንተ እዚህ ብትሆን ኖሮ እንዲህ አይሆንም ነበር። አንተ ከማንም ገበታ ሳታማርር ተነስተህ አታውቅም። ሚስትህም በዚሁ ሄደች።

ያደግንበትን ቤት ረሳኸው? አባታችን ምግቡ ቀዘቀዘ ብሎ ሳህኑን ግድግዳ ላይ ሲወረውር፣ እናታችን ተንበርክካ ስብርባሪ ስትለቅም፣ እኔና አንተ ጠረጴዛ ሥር ነበርን። አንተ ያኔ ጆሮዬን በሁለት እጅህ ትይዝልኝ ነበር። እኔ በቤቴ ያ እንዳይደገም ብዬ ነው ሥርዓቱን ያወጣሁት። እሱም ከጠረጴዛችን በላይ በእንጨት ፈልፍሎ ሰቀለልኝ፦ "ለተሰጠን ሁሉ ተመስገን።" ከዚያ ጠረጴዛ ላይ አንድም ሳህን ተወርውሮ አያውቅም። አንድም ቀን ድምፅ ከፍ ብሎ አያውቅም። ሴቶቹ ወደ ቤቴ የሚመጡት ዝኩኒ ለመማር ይመስልሃል? በቤታቸው የሌለውን ጸጥታ ለማየት ነው። አሁን ያንን መርዝ ልትለው ነው?

ያዘዝከኝን አድርጌአለሁ። ቅዳሜ ሲሰበሰቡ "የዝኩኒው ዘር በሽታ አለበት፣ ንቀሉትና አቃጥሉት" አልኳቸው። ምን በሽታ ነው አሉኝ፣ የቅጠል በሽታ ነው አልኩ። ይበቃል። ከዚያ በላይ ምን እንድል ትፈልጋለህ? "በሰላም አረፈ" የሚሉትን ሰው "መርዝ በልቶ ሞተ" ይበሉት? የጸለይንበትን ፖስታ እንደ አይጥ መርዝ በሁለት ጣት ይያዙት?

አልመረረሽም ወይ ላልከው፣ የዚያን ዕለት አፌ ምን እንደቀመሰ አላስታውስም።

ድምቢጥ እንዳለች ናት። እንቁላሏን ትልጣለች። ልጣጩን ጠረጴዛው ላይ፣ በአባቷ ቦታ ትቆልለዋለች። እኔ አነሳዋለሁ። ነገ ደግሞ ትቆልለዋለች።

እህትህ

ሰኔ 9

እህቴ፣

ስለ ሚስቴ ያልሽው ልክ ነው። ስለ አባታችን ያልሽውም ልክ ነው። የሳህኑ ድምፅ እኔም ጆሮ ውስጥ አለ፤ ያንቺን ጆሮ ስይዝልሽ የኔን የያዘልኝ አልነበረም። ግን የአንዱን ሰው ጩኸት ለማጥፋት የሁሉንም አፍ መስፋት መፍትሔ አይደለም። ይህን አንድ ቀን ተቀምጠን እንጨቃጨቅበታለን። አሁን ጊዜ የለንም።

ከድምቢጥ ደብዳቤ ደርሶኛል፤ አንቺ ያልጻፍሽልኝን ሁሉ እሷ ጽፋልኛለች። ሴቶቹ አልነቀሉትም። የቅጠል በሽታ ስትያቸው ቅጠሉን አገላብጠው አዩ፣ ንጹሕ ሆነባቸው። አንዷ አመድ ነሰነሰችበት። ሌላዋ "የሟቹ እጅ ያለበት ዘር ነው፣ አያስችለኝም" አለች። ምንም ነገር አይጣልም ብለሽ ያስተማርሻቸው አንቺ ነሽ። ስለዚህ ልጅሽ ራሷ ተነስታ ሄደች። በጠራራ ፀሐይ፣ ሳትደበቅ፣ በየጓሮው እየገባች ነቀለች። ነርሷ ቤት ያዟት። ሥሩን እንደጨበጠች በክንዷ ጎትተው አንቺ ደጃፍ አደረሷት።

አንቺስ ምን አልሽ? የጻፈችውን እንዳለ እገለብጥልሻለሁ፦ "እማዬ ‹አባቷ ከሞተ ወዲህ አእምሮዋ ልክ አይደለም፣ ይቅር በሏት› አለቻቸው። እነሱም ራሴ ላይ እጃቸውን ጭነው ጸለዩልኝ። አፈሩ እጄ ላይ ነበር።"

ይህን ሳነብ እግሬ መሰበሩን ረስቼ ብድግ አልኩ። ጎረቤቴ ያገኘችኝ ወለሉ ላይ ነው። "ምን ሆነው ነው ጋሼ?" አለችኝ። "ተቆጥቼ ነው" አልኳት። "ተቀምጠው አይቆጡም?" አለችኝ። ተቀምጬ እየተቆጣሁ ነው የምጽፍልሽ።

በሥራዬ ብዙ ስንጥቅ ያለበት ድልድይ አይቻለሁ። ስንጥቅ አስቆጥቶኝ አያውቅም፤ ድልድይ ይሰነጠቃል። የሚያስቆጣኝ ስንጥቁ ላይ ቀለም የሚቀባው ሰው ነው። አንቺ ልጅሽን ቀለም አደረግሻት።

ልጅቷ የተያዘችው ልብስ ሰፊዋ ጓሮ ሳትደርስ ነው። ግንቡ ረጅም ነው፣ ውሻም አለ ትላለች። እዚያ ያለው ይኼኔ ፍሬ ይዟል። ከሁለት አንዱን ምረጪ፤ ወይ እውነቱን ለሁሉም ተናገሪ፣ ወይ ልጅቷን ላኪልኝና እኔ ለሴቶቹ በየስማቸው እጽፍላቸዋለሁ። ክፍሉን አስጠርጌአለሁ።

ያንን ጥያቄ ደግሜ እጠይቅሻለሁ። ሦስታችሁም ከአንድ ድስት ቀረበላችሁ። እሷ አንድ ማንኪያ ቀምሳ ተነሳች፣ ምንም አልሆነች። አንቺ ታመምሽና ዳንሽ። ከሁላችሁ ጠንካራው ሞተ። ሒሳቡ አልገጥምልህ አለኝ። እየከሰስኩሽ አይደለም። ምን ያህል በላ?

ወንድምሽ

ሰኔ 18

ወንድም ጋሼ፣

ይህን ደብዳቤ ይዛልህ የመጣችው ድምቢጥ ናት። መጀመሪያ አስቀምጣት፤ ከመንገድ ነው የመጣችው። አልጋዋ መስኮት አጠገብ ይሁንላት፣ እንደዚያ ነው የለመደችው። ፊቷ ላይ አታንብበው።

ተናግሬአለሁ። እንዴት እንደተናገርኩ ልንገርህ፣ ደፋር እንዳልመስልህ።

ቅዳሜ ሴቶቹ መጡ። ልብስ ሰፊዋ ትኩስ ድስት በፎጣ ጠቅልላ ይዛ ነበር። "እትዬ፣ በሽታ ነው ብለሽኝ ነበር፤ ቅጠሉን አገላብጬ አየሁት፣ እንከን የለውም። የመጀመሪያው ፍሬ ነው፣ ለነፍሱ መታሰቢያ ይሁን ብዬ ሠራሁት" አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ገና አፍ እየፈታች ያለችውን ሴት ልጇን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ሳህን ተደረደረ። ጸሎት ተጀመረ። ድምቢጥ በሩ ላይ ቆማለች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ "አእምሮዋ ነው" ይሏታል፣ ያንን እኔ አበላሽቼባታለሁ። እኔን ነው የምታየኝ።

ድስቱ ሲከፈት መናገር እችል ነበር፣ አልተናገርኩም። ጸሎቱ ሲያልቅም አልተናገርኩም። ልብስ ሰፊዋ ልጇን ልታጎርሳት ማንኪያ ስታነሳ ነው እኔ የራሴን ወደ አፌ ያደረስኩት። ያው ነው። የማውቀው ምሬት ነው። እዚያው ጠረጴዛው ላይ፣ እሱ ከፈለፈለው ቃል ሥር፣ ተፋሁት። የሕፃኗን ማንኪያ በእጄ መታሁት፤ ምግቡ ሄዶ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። አዎ፣ ግድግዳው ላይ። እንደ አባታችን።

"መራራ ነው" አልኩ። "ባሌን የገደለው ይህ ነው። ልጄ ነግራኝ ነበር፣ ከጠረጴዛ አስነሳኋት። አእምሮዋ ምንም አልሆነም። ዋሽቻችኋለሁ።"

ሕፃኗ ብቻ ነበረች የምታለቅሰው። ዳቦ ቤት ያላት ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳታስተካክል እየሮጠች ወጣች፤ ለካ ድምቢጥ የነቀለችውን መልሳ ተክላው ነበር። ነርሷ ድምቢጥን አየቻት፣ ከዚያ የገዛ እጇን አየች፣ የልጅቷን ክንድ የጎተተችበትን። ልብስ ሰፊዋ የልጇን አፍ በቀሚሷ እየጠረገች፣ "እትዬ፣ ታውቂ ነበር?" አለችኝ። "አውቅ ነበር" አልኳት። ከዚያ ወዲህ አንዳቸውም አልመጡም። ሁሉም መንቀላቸውን ግን በየደጃፋቸው ቆሜ ጠይቄአለሁ። በሩን ሳይከፍቱ ነው የመለሱልኝ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ምን ያህል በላ ብለኸኛል። ሦስት ሳህን።

የራሱን በላ። መራራ መሆኑን አውቋል፣ ፊቱን አይቻለሁ። ድምቢጥን ሳስነሳት የሷን ሳህን ወደ ራሱ ስቦ እንዳይጣል በላው። እኔ ትንሽ ቀምሼ ነበር። መረረኝ። አስታውሳለሁ፣ ከዚያ በላይ የማስታውሰው ነገር የለም። መራራ ነው ስላለች ልጄን ያስነሳሁት እኔ፣ "ጠግቤአለሁ" አልኩ። ሳህኔን ወደሱ ገፋሁለት። "ተመስገን" ብሎ በላው።

ሌላም አለ። አልጋ ላይ ሳለ፣ ገና ድምፁ ሳይዘጋ፣ እጄን ይዞ "ድምቢጥን፣ እውነትሽን ነበር በያት" አለኝ። ሌላ ኑዛዜ አልነበረውም። ይህን ሁሉ ጊዜ ይዤው ቆየሁ። እሷ እውነቷን ከሆነ እኔ ምን እንደሆንኩ ታውቃለች ብዬ ፈራሁ።

ሴቶቹ ከወጡ በኋላ ነገርኳት። ከኔ ጋር ትላቀሳለች ብዬ አልጠበቅሁም ልልህ ነበር፤ ጠብቄ ነበር። "መቼ ነው ያለው?" አለችኝ። ነገርኳት። "ከመቀበሩ በፊት ልትነግሪኝ ትችይ ነበር?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ግድግዳው ላይ የቀረውን ምግብ በእርጥብ ጨርቅ ጠረገች፣ ጨርቁን አጠበች፣ ጨምቃ ሰቀለች። ከዚያ "እማዬ፣ አጎቴ ጋ ልሂድ" አለችኝ።

ልመክርህ የምችል ሰው አይደለሁም፤ ይህችን ብቻ ስማኝ። ምግብ ስታቀርብላት "ብዪ" አትበላት። "እንዴት ነው?" ብለህ ጠይቃት፣ መልስ እስክትሰጥህም ጠብቅ። እንቁላል ከመረጠች ተዋት።

ካሮቱን አሳሳሁት። አተሩ ደርሷል፣ የሚለቅመው የለም። ከጠረጴዛው በላይ ያለውን እንጨት ላወርደው ወንበር ላይ ወጣሁ፤ የሱ እጅ ስለሆነ ተውኩት። ሥሩ ተቀምጬ ብቻዬን እበላለሁ። ምግቡ እንዴት እንደሆነ ብትጠይቀኝ አላውቀውም። ጣዕም ጠፍቶብኛል።

እህትህ

ሰኔ 25

እህቴ፣

ደርሳለች። እሱ የሠራው ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ከሥሩ በእርሳስ ጽፎ እንደነበር ስነግራት ወለሉ ላይ ተጋድማ፣ አንገቷን አስገብታ አየችው። እስክትወጣ ድረስ ብዙ ቆየች። እኔም አልጠራኋትም።

ስለ ሦስቱ ሳህን ለረጅም ጊዜ አሰብኩ። ይቅርታው ከሆነ በኔ እጅ ያለ አይደለም፤ በማን እጅ እንዳለ ታውቂያለሽ። በቁጣዬ የምጨምርበት ነገር ግን የለኝም። አተሩን ልቀሚው፣ እንዳይደርቅ።

እስከ ትናንት እንቁላል ነው የበላችው፣ ቆማ። ዛሬ በምርኩዝ ቆሜ የካሮትና የድንች ሾርባ ሠራሁ። ሁለት ሳህን ቀዳሁና እንዳልሽኝ ጠየቅኳት፣ ጠበቅሁም፤ ሾርባው ቀዘቀዘ። በመጨረሻ እኔ ማንኪያዬን ሳነሳ እጄን ያዘችኝ። እሷ ሳትቀምስ እንድበላ አልፈለገችም። ቀመሰች። በሩን እያየች፣ ለመነሳት ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ፣ "ጨው በዝቶበታል" አለችኝ።

ቀመስኩት። ልክ ነበረች። እዚያው ነገርኳት።

ወንድምሽ